ከቁጥሩ ሥር ያለው ማስታወሻ፦ ዋጋችን የጥናት ቋት ውስጥ ሲገባ ምን ይጠፋል?



ዛሬ የዕለት ዋጋ አልለጥፍም። የማወራው ዋጋችን ከእጃችን ወጥቶ የተመራማሪዎች መረጃ ቋት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው። ትንሽ ረዘም ይላል። ግን ዩኒየን ውስጥ የምትሠሩ፣ ኮንትራት የምትፈራረሙ፣ ለባንክ ወይም ለመንግሥት ሪፖርት የምታቀርቡ ሁሉ ብታነቡት አትከስሩም።

በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «የዓለም ባንክ ሠንጠረዥ ላይ አረቢካ ቡና በኪሎ ይህን ያህል ዶላር ይላል፣ እኛ የሸጥነው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ልዩነቱን ማን በላው?» አንዳንዴ በርግጥ የበላ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አልበላም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም፣ በቃ። ይህን የሚነግረን ደግሞ ከቁጥሩ ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈው ማስታወሻ ነው። እሱን የሚያነበው ስንቱ ነው?

ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር «አመላካች» ይሉታል። የአምራች ዋጋ፣ የወጪ ንግድ ዋጋ፣ የኑሮ ውድነት መጠን፣ የገበሬው ድርሻ፣ ሁሉም አመላካች ነው። አመላካች ከነማብራሪያው ካልተመዘገበ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደሆነ ያስገባው ሰው ራሱ አያውቀውም። ለዚህም ነው የማኅበራዊ ሳይንስ መረጃን እንዴት መግለጽ እንደሚገባ የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተሠራበት ያለው። የኛ ገበያ ግን ገና እዚያ አልደረሰም። ዋጋ እንለዋወጣለን፣ ማብራሪያ አንለዋወጥም።

ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሌላ

ከላይ ካነሳሁት ጥያቄ ልጀምር። የዓለም ባንክ በየወሩ የሚያወጣው የሸቀጦች ዋጋ ሠንጠረዥ ላይ «ቡና፣ አረቢካ» የሚል ዓምድ አለ። ማስታወሻውን ስታነቡ ዋጋው የተወሰደው ከዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ነው፣ ያውም «ሌሎች ለስላሳ አረቢካዎች» ከሚባለው ምድብ። የሚለካውም ኒውዮርክና የጀርመን ወደቦች ላይ ነው።

የቡና ድርጅቱ ዋጋ የሚያወጣው በአራት ምድብ ነው፦ የኮሎምቢያ ለስላሳ፣ ሌሎች ለስላሳ፣ የብራዚል ተፈጥሯዊ (ያልታጠበ) እና ሮቡስታ። ኢትዮጵያ ያለችው ከብራዚል ጋር፣ በሦስተኛው ምድብ ነው። የታጠበ ይርጋጨፌ እና የታጠበ ሲዳማ ብንልክም ድርጅቱ የመደበን እዚያ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ «የዓለም ዋጋ» ብሎ የዓለም ባንኩን ዓምድ ይወስዳል። ያ ዓምድ በአመዛኙ የማዕከላዊ አሜሪካን ዓይነት የታጠበ ቡና ይወክላል፤ የኛ ምድብ አይደለም። ላይ ደግሞ የመርከብ ጭነትና ኢንሹራንስ አለበት። ከጅማ ያልታጠበ ቡና ጋር ያስተያየውና «ኢትዮጵያ ቡናዋን በርካሽ ትሸጣለች» ይላል። ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ንጽጽር ይህን አላሳየም።

የኒውዮርኩ የወደፊት ግብይት ዋጋም ተመሳሳይ ነገር አለው። ሁላችንም ጠዋት ተነስተን የምናየው እሱን ነው፣ ኮንትራታችንም «ከሲ ይህን ያህል ሴንት ሲደመር ወይም ሲቀነስ» ብሎ ይጻፋል። ሆኖም ለዚያ ኮንትራት ማስረከቢያ ተቀባይነት ያላቸው 20 አገሮች ሲዘረዘሩ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ የሲ ዋጋ ለኛ ማጣቀሻ ነው እንጂ የኛ ዋጋ አይደለም። ቋት ውስጥ ሲገባ ይህ ልዩነት መጻፍ አለበት።

ጀንፈል፣ እሸት፣ ጥሬ ቡና

ገንዘብ የሚያጣላው እዚህ ላይ ነው።

ገበሬው እሸት ይሸጣል፣ ወይም ጀንፈል ይሸጣል። ላኪው የሚልከው ንጹሕ ጥሬ ቡና ነው። ቋቱ ግን ብዙ ጊዜ «ቡና፣ ብር በኪሎ» ብቻ ይላል። የምን ኪሎ?

የቡና ድርጅቱ የራሱ ማባዣ አለው። ጀንፈል ወደ ጥሬ ቡና ሲለወጥ በ0.5 ይባዛል። ከነገለፈቱ የደረቀ የታጠበ ቡና በ0.8፣ የተቆላ ቡና ደግሞ በ1.19። እሸቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይፈጃል።

በምሳሌ እንየው (ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ ናቸው፣ የዛሬ ዋጋ አይደሉም)። ገበሬው ጀንፈል በኪሎ 200 ብር ሸጠ እንበል። የጥሬ ቡና የወደብ ዋጋ (ኤፍኦቢ) በኪሎ 500 ብር ነው። ማብራሪያ የሌለውን ቋት የከፈተ ሰው 200ን ለ500 ያካፍልና «የገበሬው ድርሻ 40 በመቶ» ይላል። ወደ ጥሬ ቡና ቢለውጠው ግን ሁለት ኪሎ ጀንፈል 400 ብር ነው፣ ድርሻውም 80 በመቶ ይሆናል። ያው ገበሬ፣ ያው ቡና፣ ያው ቀን።

እሸት ላይ ደግሞ ማባዣው ራሱ ያጣላል። እሸት በኪሎ 70 ብር ከሆነ፣ በ5 ብናባዛ 350 ብር፣ ማለትም 70 በመቶ። በ6 ብናባዛ 420 ብር፣ ማለትም 84 በመቶ። 14 ነጥብ ልዩነት ከየትም አልመጣም፣ ከማባዣው ብቻ ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። «የገበሬው ድርሻ 40 በመቶ ነው» የሚል ጥናት ስብሰባ ላይ ሲቀርብ የመጀመሪያው ተከሳሽ ዩኒየኑ ነው፣ ሁለተኛው አቅራቢው፣ ሦስተኛው ላኪው። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መመሪያ ሊወጣ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ በትክክል 40 በመቶ ብቻ የሚደርሰው ገበሬ ሊኖር ይችላል። ማብራሪያ ከሌለ የእሱንም እውነት «የስሌት ስህተት ነው» ብሎ ማድበስበስ ቀላል ነው። ማስታወሻው የሚጠብቀው ሁለቱንም ወገን ነው።

ፈረሱላ፣ ፓውንድ፣ ኩንታል

ምርት ገበያችን ቡናን በፈረሱላ፣ ሰሊጥን በኩንታል ይጠራል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ኒውዮርክ በፓውንድ የአሜሪካ ሳንቲም ይጠራል፣ ለንደን ሮቡስታን በቶን ዶላር፣ የዓለም ባንክ በኪሎ ዶላር፣ የቡና ድርጅቱ መጠንን በ60 ኪሎ ጆንያ።

አንድ ለማስታወስ የሚመች ነገር ልንገራችሁ። የኒውዮርኩ አንድ ኮንትራት 37,500 ፓውንድ ነው። ወደ ኪሎ ሲለወጥ 17,010 ገደማ ይመጣል። በፈረሱላ ሲካፈል? አንድ ሺህ ፈረሱላ! ስለዚህ ኒውዮርክ ላይ አንድ ሳንቲም ሲንቀሳቀስ በአንድ ፈረሱላ 37 ሳንቲም ተኩል (የአሜሪካ) ገደማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ዋጋው በፓውንድ 3 ዶላር ከሆነ ፈረሱላው 112 ዶላር ተኩል አካባቢ ነው።

ለኛ ቀላል ነው። ውጭ አገር ተቀምጦ የኛን ቋት ለሚከፍት ሰው ግን «ፈረሱላ» የሚል ቃል ብቻ ቢያገኝ ከየትኛው አገር ፈረሱላ ጋር እንደሚያያይዘው አይታወቅም። ይህ መስፈሪያ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በተለያየ ክብደት ያገለገለ ነው። «1 ፈረሱላ = 17 ኪሎ» ብሎ መጻፍ የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ አገር ውስጥ አለ። በ2011/12 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ቤተሰብ ጥናት የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው ነው። ገበሬው መሬቱን በጥማድ ከነገራቸው በጥማድ ይመዘግባሉ፣ ምርቱን በቁና ከነገራቸውም በቁና። ከዚያ ለየአካባቢው የመለወጫ ሠንጠረዥ አብረው ያወጣሉ፤ ምክንያቱም የአንዱ ወረዳ ጥማድ የሌላው ወረዳ ጥማድ አይደለም። ገበሬው ያለው ቃል አልጠፋም፣ ተመራማሪውም አልተደናገረም። ዩኒየኖቻችን መኮረጅ ያለባቸው ይህንን ነው።

የትኛው 2017?

የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የቡና ድርጅቱ ዓመት ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይቆጥራል። ሦስቱም «ዓመት» ይባላሉ።

ቡናና ሻይ ባለሥልጣን በ2016 በጀት ዓመት ወደ 298,500 ቶን ቡና ተልኮ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መገኘቱን፣ በ2017 ደግሞ ወደ 469,000 ቶን ተልኮ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መገኘቱን ሪፖርት አድርጓል። «2017» ብሎ ብቻ ቋት ውስጥ ያስገባ ሰው ይህን ገቢ በፈረንጆቹ 2017 ላይ አስቀመጠው ማለት ነው፣ ሰባት ዓመት ወደኋላ። ሕጎቻችን እንኳ እንዲህ ናቸው። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጁ በአማርኛ 1051/2009 ነው፣ በእንግሊዝኛው 1051/2017።

ወርም እንዲሁ ነው። መስከረም ማለት ከሴፕቴምበር 11 አካባቢ እስከ ኦክቶበር 10 ነው። የመስከረም አማካይ ዋጋችንን ከኒውዮርክ የሴፕቴምበር አማካይ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ሲሶው ወር አይገናኝም። ገበያው በተረጋጋበት ወቅት ብዙም አይጎዳም። ዋጋ በቀን 10 እና 15 ሳንቲም በሚዘልበት ሰሞን ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ጳጉሜንስ ከነሐሴ ጋር ተደመረች ወይስ ተጣለች? ይጻፍ።

ከላይ ያለውን ሪፖርት ይዘን ሌላም ነገር እንይ። ገቢውን ለመጠኑ ብናካፍል በ2016 በኪሎ 4.79 ዶላር ገደማ፣ በ2017 በኪሎ 5.65 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ወደ 18 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። «የኢትዮጵያ ቡና ዋጋ በ18 በመቶ ጨመረ» ማለት ይቻላል? አይቻልም። ይህ የአሃድ ገቢ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። የደረጃው ስብጥር ሲቀየር፣ የታጠበው ሲበዛ ወይም ሲያንስ፣ ቀደም ብሎ በተቆረጠ ዋጋ የተጫነ ቡና ሲኖር፣ ቁጥሩ ይለወጣል። ኒውዮርክ በዚያው ጊዜ ከዚህ እጅግ በበለጠ ነው የወጣው፣ በፌብሩዋሪ 2025 በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። «ዋጋ» እና «የአሃድ ገቢ» በአንድ ስም ቋት ውስጥ ከገቡ ላኪው ሁሉ ሌባ ይመስላል።

ዶላሩ በስንት ተመነዘረ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። አሁን የ2024 (እ.ኤ.አ.) የአምራች ዋጋን ወደ ዶላር የሚለውጥ ሰው በየትኛው ተመን ይለውጥ?

ለምሳሌ ገበሬው ጥር ላይ በኪሎ 250 ብር ተቀበለ እንበል። በወቅቱ ተመን፣ በ56 ብር፣ 4.46 ዶላር ነው። የዓመቱን አማካይ እንበልና 80 ብር አድርጎ የወሰደ ሰው ግን 3.13 ዶላር ይጽፋል። ገበሬው ያልከሰረውን 30 በመቶ በወረቀት ላይ አከሰረው።

ከዚያ በፊት የነበረውም ዘመን ማስታወሻ ያስፈልገዋል። የውጭ ምንዛሪ እጥረት በጠናበት ጊዜ ቡናና ሰሊጥ በኪሳራ ተልኮ ትርፉ ከሚመጣው ዕቃ ይፈለግ እንደነበር ገበያው ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቃል። የአገር ውስጥ ዋጋው በይፋዊው ተመን ሲሰላ ከወደቡ ዋጋ የሚበልጥባቸው ወራት የነበሩት ለዚህ ነው። ማብራሪያው ላይ «የወቅቱ ተመን ይፋዊ ነው፤ ላኪዎች ምንዛሪ ለማግኘት ሲሉ ከዓለም ዋጋ በላይ ይገዙ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካልኖረ የነገው ተመራማሪ «የገበሬው ድርሻ 105 በመቶ» የሚል ቁጥር አግኝቶ ጭንቅላቱን ይይዛል። ወይም ቁጥሩን ይሰርዘዋል፣ ያ ደግሞ ይብሳል፤ እውነተኛ የገበያ ታሪክ ነበርና።

የተቆረጠ መስመር

የሃያ ዓመት የቡና ዋጋ በአንድ መስመር ተስሎ ስታዩ ተጠራጠሩ። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ ቡና የሚሸጠው አዲስ አበባና ድሬዳዋ በነበረው ጨረታ ነው። ከዚያ ምርት ገበያ መጣ። ከአዋጅ 1051/2009 ወዲህ ደግሞ አቅራቢው ለላኪው በቀጥታ መሸጥ ስለተፈቀደለት በምርት ገበያ በኩል የሚያልፈው ቡና ድርሻው አነሰ። ስሙ ሁልጊዜ «የማዕከላዊ ገበያ ዋጋ» ነው፣ የሚወክለው ቡና ግን ያው አይደለም። በቀጥታ ትስስር የሚያልፈው የተሻለው ቡና ከሆነ፣ የቀረው አማካይ ዋጋ ቡናው ሳይረክስ የረከሰ ይመስላል።

አገሩ ራሱ እንኳ መስመር ይቆርጣል። ፋኦ ቋት ውስጥ እስከ 1992 ያለው መረጃ ኤርትራን ጨምሮ በአንድ ስም፣ ከ1993 ወዲህ ያለው «ኢትዮጵያ» በሚል ሌላ ስም ነው የተመዘገበው። ሁለቱን ዝም ብሎ የቀጠለ ሰው ሁለት የተለያዩ አገሮችን ቀጠለ።

ባዶና ዜሮ

ግብይት ያልነበረበት ቀን ዋጋው ዜሮ አይደለም፤ ባዶ ነው። ያለፈውን ሳምንት ዋጋ መድገምም አይደለም። ፋኦ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንድ ፊደል ያስቀምጣል፦ «ኤ» ከሆነ ይፋዊ ቁጥር ነው፣ «ኢ» ከሆነ ግምት፣ «አይ» ከሆነ በስሌት የተሞላ። ከቋቱ የሚያወርደው ሰው ብዙ ጊዜ ያንን የፊደል ዓምድ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ከዚያ ግምቱም ይፋዊ ሆኖ ይጠቀሳል። እኛም የምንሰማውን ሁሉ «ዋጋ» ከማለት «የተሸጠበት»፣ «የተጠየቀው» እና «ወሬ» ብለን ብንለይ ከፋኦ አናንስም።

ካርዱ

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ የዋጋ መስመር አንድ ገጽ ካርድ ይበቃል። ለምሳሌ ለጅማ 5 እንዲህ ይሞላል፦

1. ስም፦ ጅማ ያልታጠበ ቡና፣ ደረጃ 5
2. ቅርጽ፦ ጥሬ ቡና (ከጀንፈል ከተለወጠ ማባዣው 0.5 ተብሎ ይጻፋል)
3. የዋጋው ዓይነት፦ የተሸጠበት፣ የተጠየቀ፣ ወይስ የወደብ ኮንትራት
4. ቦታ፦ ከየትኛው መጋዘን፣ ጭነትና ግብር ተካቷል ወይስ አልተካተተም
5. መለኪያ፦ ብር በፈረሱላ (1 ፈረሱላ = 17 ኪሎ)
6. ጊዜ፦ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ዓመቱ በጀት ነው፣ የቡና ነው ወይስ የፈረንጅ
7. አማካይ፦ ተራ አማካይ ነው ወይስ በመጠን የተመዘነ፣ ስንት ግብይት ገብቶበታል
8. ምንዛሪ፦ የየትኛው ቀን፣ የየትኛው ባንክ ተመን
9. ምንጭና የተወሰደበት ቀን፦ የቋት ቁጥር ወደኋላ ስለሚታረም
10. የተቆረጠበት ቦታ፦ አሠራሩ ወይም ሕጉ የተቀየረበት ጊዜ

አሥር መስመር ነው። አንዴ ከተሞላ በየወሩ የሚለወጠው ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ነው።

ለዩኒየኖች በተለይ፦ ለአባላት የምትከፍሉትን የመጀመሪያና የሁለተኛ ክፍያ በሁለት የተለያየ ዓምድ መዝግቡ። ቋት ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ጠያቂው የሚመጣው በመኸር ወቅት ነው። የትርፍ ክፍፍሉ ከወራት በኋላ ሲከፈል ማንም አይመዘግበውም። ከዚያ «ዩኒየን ከነጋዴ የተሻለ አይከፍልም» የሚል ወረቀት ይወጣል፣ እናንተም መልስ ታጣላችሁ። መልሱ ቀድሞ የተሞላ ካርድ ነው።

ለነጋዴና ለላኪ ደግሞ፦ ጥናት የሚሠራ ሰው ዋጋ ሲጠይቃችሁ ቁጥር ብቻ አትስጡ። ቅርጹን፣ ቦታውንና ቀኑን አብራችሁ ስጡት። እሱ ባይጠይቅም ንገሩት። የሰጣችሁት ቁጥር ተመልሶ መጥቶ የሚከሰው እናንተን ነው።

ከነገ ጀምሮ እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፍ እያንዳንዱ ዋጋ ቢያንስ አምስት ነገር ይይዛል፦ ቅርጽ፣ ደረጃ፣ ቦታ፣ መለኪያ እና የዋጋው ዓይነት። ዋጋ የምትልኩልን ወዳጆችም በዚሁ መልክ ላኩልን። «ጅማ ስንት ገባ?» ለሚለው አጭር መልስ የለውም። «ጅማ 5፣ ጥሬ፣ ከመጋዘን፣ በፈረሱላ፣ የተሸጠበት» ከተባለ ግን የዛሬ አሥር ዓመት የሚከፍተውም ሰው ይገባዋል።

መልካም ገበያ!